አያ ጓንጉል፣ ጦጢት እና የመጀመሪያው ገበጣ

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም ያን ጠጠር አስቀምጥና ስማ፤ ሲያንቋቁብኝ ማውራት አልወድም። ገበጣ ስትጫወቱ ትውላላችሁ፣ ስትጣሉበት ታመሻላችሁ፣ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም የለ። እንግዲህ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ።

ጦጣ እንደ ሰው በምትናገርበት፣ ሰውም እንደ ዛሬው ይህን ያህል በማይለፈልፍበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር አያ ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበር። የአገሩን ስም ተዉት፤ ብነግራችሁም አታውቁትም።

የዚያ አገር ሰው የሚዘራው ማሽላ ነው። ማሽላ ደግሞ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ወፉም፣ ዝንጀሮውም፣ ጦጣውም ባለቤት ነኝ ይላል። ስለዚህ ገበሬው በየማሳው መሃል እንጨት አቁሞ ማማ ይሠራል፤ እላዩ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ጠጠር እየወረወረ ሲያባርር ይውላል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አንዱ ጠባቂ ለሌላው ይጣራል። "አለህ ወይ?" ይላል። ከወዲያኛው ማማ ላይ ያለው "አለሁ!" ይላል። እሱም በተራው ለሚቀጥለው "አለህ ወይ?" ይላል፤ "አለሁ!" ይባላል። ጥሪው እንዲህ እያለ ሸለቆውን ዞሮ ይመለሳል። "አለሁ" ሳይባባሉ ራት የሚበላ ሰው አልነበረም።

ታዲያ አንድ ዓመት ንዳድ ገባ። ንዳድ ክፉ ትኩሳት ነው፤ የነካውን ያንቀጠቅጣል፣ ያንቀጠቀጠውን ይጥላል። የአያ ጓንጉልን ሚስት ሙጪትንም ወሰዳት። ልጅ አልወለዱም ነበር። ከሞት የተረፈው ሰው ከብቱን ነድቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ማሳውን ጥሎ ደጋ ወጣ። ጎረቤቱ ጥላዬ አህያውን ጭኖ ሲያበቃ ወደ አያ ጓንጉል መጣ።

"አያ ጓንጉል፣ ተነሥ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?"

"ሙጪትን ለማን ትቻት ልሂድ?"

"ኧረ በሞቴ! የሞተ ሰው እኮ ጠባቂ አያሻውም።"

"አንተ ሂድ ወንድሜ። እኔ ከዚህ የትም አልሄድም።"

ጥላዬ እምባው መጣ። "እንግዲያው ማሽላህ ሲደርስ ለአጨዳ እንወርዳለን። የኛን ስታጭድልን ኖረሃል፤ ወንፈል አይበላም" አለውና ሄደ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ አያ ጓንጉል ማማው ላይ ወጣ። እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገና "አለህ ወይ?" ብሎ ተጣራ። የገደል ማሚቶ "...ህ ወይ?" አለው። ደግሞ "አለህ ወይ?" አለ። ገደሉም ደግሞ "...ህ ወይ?" አለ።

"እኔ የጠየቅኩትን መልሰህ እኔኑ ትጠይቀኛለህ?" ብሎ ተቆጣ። ራቱን ሳይቀምስ ተኛ።

በነጋታውም ተጣራ፤ በሦስተኛውም ቀን። ገደል ምን ያውቃል? ብቸኝነት ክፉ ነው ልጆቼ። ከንዳድም ይከፋል። ንዳድ እንኳ አንቀጥቅጦ አንቀጥቅጦ ላብ ሲያወጣህ ይለቅሃል፤ ብቸኝነት ግን አብሮህ በልቶ አብሮህ ያድራል። አያ ጓንጉል ከበሬው ጋር አወራ፣ ከምሰሶው ጋር አወራ፣ የሙጪትን መቃብር "እንዴት አደርሽ?" ብሎ ሳይሳለም አይውልም ነበር። የሚመልስለት ግን ጠፋ።

አንድ ቀን የወንጭፉ ጠጠር እየተንከባለለ አስቸገረው። ከማማው ሥር መሬቱን ማስ ማስ አደረገና በሁለት ረድፍ ትናንሽ ጉድጓዶች አበጀ፤ ጠጠሩን በየጉድጓዱ አስቀመጠ። ደህና። ከዚያ ሥራ ሲፈታ ከአንዱ ጉድጓድ አፈሰና በሚቀጥሉት ውስጥ አንድ አንድ እያደረገ ጣለ። የመጨረሻዋ ጠጠር ያረፈችበትን ጉድጓድ ደግሞ አፍሶ ቀጠለ። ደስ አለው። ወዲያው አንዱን ረድፍ ለቀኝ እጁ፣ አንዱን ለግራ እጁ ሰጠና አጫወታቸው።

"አንቺ ግራ፣ አታጭበርብሪ!" ይላል።

"ቀኙ፣ አንተም ብዙ አትኩራ!" ይላል።

ቀኝ እጁ ሲያሸንፍ ይስቃል። ስቆ ስቆ ቀና ሲል አብሮት የሚስቅ የለም። ያን ጊዜ ሳቁ አፉ ላይ ይደርቅበታል። ሁለቱም እጆች የእሱው ናቸው፤ ማን ማንን አሸነፈ ሊባል ነው? ጠጠሩን ወደየጉድጓዱ ይመልስና ማማው ላይ ወጥቶ "አለህ ወይ?" ይላል።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን "አለህ ወይ?" ሲል፣ ገደሉ አፉን ሳይከፍት፣ ከማማው አጠገብ ካለው የሾላ ዛፍ ላይ "አለሁ!" የሚል ድምፅ መጣ።

አያ ጓንጉል ከማማው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "ማነህ?" አለ።

"እኔ ነኝ፣ እመት ጦጢት" አለች ጦጣዋ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ። "አንጀቴን በላኸኝ እኮ አያ ጓንጉል። ግራ እጅህ ስትሸነፍ ሳይ ከረምኩ፤ እሷ ትረፍና በእሷ ፈንታ እኔ ልጫወትልህ።"

"አንቺ እኮ ሌባ ነሽ!"

"ሌባስ ብሆን! እዚህ አንተ ፊት ቁጭ ካልኩ በየት በኩል እሰርቃለሁ?"

አያ ጓንጉል አሰበ፤ ነገሩ እውነት መሰለው። ወንጭፉን ማማው ላይ ሰቀለና ወረደ። ጠፍር የለበሰች መቀመጫውን ለጦጢት ሰጥቶ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ለሌባ መቀመጫ የሚለቅ ጠባቂ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ግን እንግዳ መጣልኝ ብሎ ልቡ ሊጠፋ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጋ ጠባ ጨዋታ ሆነ። ጦጢት አፏ ማር ነው። ሲያሸንፋት "አወይ እጅ!" ትለዋለች፤ ስታሸንፈው "ዛሬ አዝነህልኝ ነው" ትለዋለች። ስለ ሙጪት ሲያወራ አገጯን በመዳፏ ይዛ ታዳምጠዋለች። በጨዋታ መሃል ድንገት ፍርሃት ፍርሃት ይለውና፣ ጎንበስ እንዳለ፣ "አለሽ ወይ?" ይላታል። "አለሁ!" ትለዋለች። ይሄኔ ትከሻው ዘና ይላል።

ከማሳው ውስጥ ግን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማል።

"ምንድን ነው የሚንቀጨቀጨው?" ይላል አያ ጓንጉል።

"ነፋስ ነው። ተጫወት፣ ተራህ ነው" ትላለች ጦጢት።

በማግስቱም ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

"ዛሬም ነፋስ ነው?"

"ነፋስ ነው። ተጫወት፣ ተራህ ነው።"

አያ ጓንጉል ቆላ ተወልዶ ቆላ ያረጀ ሰው ነው። የነፋስ ድምፅ ይጠፋዋል? ቅጠል ሳይነቃነቅ የምን ነፋስ! እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ጠጠሩን ይጥላል።

ጠጠሩ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄደ። ጉድጓዱ ጎደለ። አያ ጓንጉልም "እጄ ነው የሚያፈሰው፣ እርጅና ነው" እያለ ራሱን ይወቅሳል።

አንድ ቀን ወደ አመሻሹ ላይ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ "አለሽ ወይ?" አለ።

መልስ የለም።

"ጦጢት፣ አለሽ ወይ?"

"ም-ም" አለች ጦጢት።

ቀና ብሎ አያት። ጉንጮቿ በግራም በቀኝም አብጠው ዓይኖቿን ሊውጧቸው ደርሰዋል።

"ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?"

"ም-ም።"

"እስቲ አፍሽን ክፈቺ።"

አልከፍትም አለች። አገጯን ያዝ ሲያደርገው የወንጭፉ ጠጠር ከጉንጯ እየተንጠባጠበ በየጉድጓዱ ገባ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ለካስ እየደበቀች፣ ማታ ማታ ወንዝ ስትጥል ከርማለች! ጠባቂ ያለ ጠጠር ምን ሊወረውር ነው? ከማሳው ውስጥም ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ተሰማ።

አያ ጓንጉል ማማው ላይ ወጣ። ከወጣበት ብዙ ቀን ሆኖት ነበር። ማሳው ዙሪያውን አገዳ ብቻ ሆኖ ቆሟል፤ ራስ ያለው ማሽላ ከማማው ሥር ካለችው ጥቂት በቀር የለም። የጦጢት ዘመዶች ሆዳቸውን ነፍተው በየአገዳው ሥር ተጋድመዋል። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። የዓመት ቀለቡ ነው! ሙጪት የመነጠረችው መሬት ነው!

ወርዶ ጦጢት ፊት ቆመ። ጠጠር በእጁ ይዟል። እሷ መሸሽ ትችል ነበር፤ አልሸሸችም።

"ወገኖችሽ ናቸው?"

"ናቸው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። እኔ እንዳጫውትህ፣ እነሱ እንዲበሉ ተመካከርን" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችው፤ "ግን አያ ጓንጉል፣ እውነት አልሰማህም ነበር?"

አያ ጓንጉል ጠጠሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አገላበጠው። "ሰምቻለሁ" አለ።

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ከተናገርኩማ ትሄጂብኛለሽ።"

ጦጣ ታፍራለች ብላችሁ ታስባላችሁ? ያን ቀን አፈረች።

"ማሽላውንስ ብሉት" አላት። "እናንተም ሆድ አላችሁ። 'አለሁ' ማለትን ግን የሌብነት ወጥመድ ማድረግ አልነበረብሽም። ሂጂ። ሁለተኛ በዚያ አፍሽ 'አለሁ' ስትዪ እንዳልሰማ።"

ጦጢትም ሄደች። ጦጣ ከዚያ ወዲህ ጉንጯን ትሞላለች እንጂ አትናገርም፤ የእናንተ ጆሮ ደክሞ አይደለም። አያ ጓንጉልም ማማው ላይ ወጥቶ "አለህ ወይ?" አለ። ገደሉ "...ህ ወይ?" አለው። እምባው በጢሙ ላይ ወረደ፤ የሚያየው ስለሌለ አልጠረገውም።

የአጨዳ ጊዜ ደረሰ። ጥላዬና የድሮ ጎረቤቶቹ ሁሉ ማጭዳቸውን ይዘው፣ እየዘፈኑ ከደጋ ወረዱ። ማሳው ጋ ሲደርሱ ዘፈኑ ቆመ።

"አያ ጓንጉል፣ ምን ጉድ ነው? ማማህ ላይ አልነበርክም?" አለ ጥላዬ።

አያ ጓንጉል አንበጣ ነው ማለት ይችል ነበር። በረዶ ነው ማለትም ይችል ነበር። "እዚሁ ነበርኩ። ስጫወት ነው የተበላው" አለ።

"ከማን ጋር?"

"ከሌባዋ ጋር።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። "ጠባቂና ሌባ ባንድ ገበታ!" አለ አንዱ። አያ ጓንጉል ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቀ። ለብዙ ጊዜ የሰው ሳቅ አልሰማም ነበር፤ በእሱ ላይ ቢሳቅም ደስ ሳይለው አልቀረም። ከዚያ "ከእሷ ሌላ 'አለሁ' ያለኝ የለማ" አለ።

ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። እርስ በርስ መተያየትም አፈሩ። ቆላውን ሲለቁ ከብታቸውን ቆጥረው፣ ዕቃቸውን ቆጥረው ነበር የወጡት፤ እሱን አልቆጠሩትም።

ጥላዬ ማጭዱን አገዳ ላይ ሰቀለና ከጉድጓዶቹ አጠገብ ቁጭ አለ። "ወንፈል መጥቶ ሳይውል አይመለስም። የሚታጨድ ከሌለ በጨዋታ እንዋል። በል አሳየኝ፤ ይሄ ነገር እንዴት ነው?" አለ።

አያ ጓንጉል አሳየው። አንዱ ሲጫወት ሌላው ከኋላ ቆሞ "እሷን አንሳ! ኧረ እሷን አይደለም!" ይል ጀመር። ይኸውና እስከ ዛሬ ገበጣ ባለበት ሁሉ ሳይጠየቅ የሚመክር አይጠፋም። ሲመሽ እያንዳንዱ ከጎተራው ማሽላ ሊያመጣለት ቃል ገባ። "ደጋ እንውጣ" ብለው ለመኑት፤ "ሙጪትስ?" አላቸው። እንግዲህ ምን ይደረግ? እሱ ካልወጣ እኛ እንወርዳለን ተባባሉ፤ በተራ ሊወርዱ ተስማሙ። ወደ ደጋ የተመለሱትም ጨዋታውን እንጨት ላይ ፈልፍለው ለልጆቻቸው አስተማሩ። ገበጣ በየአገሩ የደረሰው እንዲህ ነው።

ያን ዕለት አመሻሽ፣ ሰዉ ከሄደ በኋላ፣ አያ ጓንጉል ማማው ላይ ወጣ። ለመጣራት ፈራ። ገደሉ ቢቀድምስ? ጉሮሮውን ጠረገና "አለህ ወይ?" አለ።

የመጀመሪያው ተረኛ ጥላዬ ነበር። ከወዲያ ከአሮጌው ማማው ላይ ሆኖ "አለሁ!" አለ። "አለሁ አያ ጓንጉል! አንተስ አለህ ወይ?"

ሰዉ ደጋ ከወጣ ወዲህ እሱን ማንም ጠይቆት አያውቅም። አያ ጓንጉል የማማውን እንጨት ጨበጠ። "አለሁ" አለ።

ጦጢትም ሾላው ላይ ሆና ሰማች። ዘመዶቿ ጠግበው ወደ ሌላ አገር ሄደዋል፤ እሷ ግን ጨዋታውን ለምዳው ቀረች። ሰው ሲጫወት ከላይ ሆና ታያለች፤ ግቢ የሚላት የለም፣ ልግባ ለማለትም አፍ የላትም። ገበጣ ላይ ጠጠር ሲጎድል "ጦጢት ወሰደቻት" የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለዚህ ነው አባቶች "ሰው የራበው፣ ለሌባ መቀመጫ ይለቃል" ያሉት።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተም ጠጠሩን ወደየጉድጓዱ መልሱ። ያን ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠውንም ልጅ ጥሩት።