ደከመኝ የተባለው ተራራ

በአንድ ወቅት፣ በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ አንድ የተራራ ሰንሰለት ገና የጋራ ስም ሳይወጣለት፣ ሴቻባ የሚባል ሽማግሌን ድርቅ ከቆላ አስለቀቀው። ሦስት ልጆቹንና የተረፉትን ከብቶች ይዞ ወደ ተራራው አቀና። በዚያ ዕድሜው አገር መቀየር አልፈለገም፤ ግን ማን ጠየቀው?

ተራራው ከምሥራቅ ሲያዩት ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። ሁሉም ተስፋ ቆርጠው ሲቀመጡ፣ ዓይኑ ከሩቅ የሚለየው የበኩር ልጅ ጼሊሶ ከሾሉት ጫፎች መሀል አንድ ክፍተት አየ። «አባቴ፣ በር አለው! በዚያ እንወጣለን» አለ። ተራራውንም «የጦር አጥር» አለው።

ሁለተኛው ልጅ ሌቤኮ እግረ ቀላል ነበር። ከብቶቹን እየነዳ ቀድሞ ወጣ፤ አንዲትም ገደል አልገባችበትም። ላይ ሲደርስ ግን ተራራ የሚባል ነገር የለም፤ ወደ ምዕራብ ቀስ እያለ የሚወርድ ሣር ብቻ። «ከታች ሆኖ ያየ ምን ያውቃል? ይሄ የላም ጀርባ ነው» ብሎ ሳቀ። ስሙንም «ጀርባ» አለው።

ሴቻባ መሀል መንገድ ላይ «ተዪኝ፣ እዚሁ ልሙት» ብሎ ተቀመጠ። ሴት ልጁ ማሜሎ አዘለችው። ጀርባዋ ላይ ሆኖ ትንፋሿ ሲቆራረጥ እየሰማ አለቀሰ። ጫፍ ላይ እንዳወረደችው የደጋ ሰዎች ከበቧት፤ ወደ ተራራው እያመለከቱ በማታውቀው ቋንቋ የቆላ ሰው ማን እንደሚለው ጠየቋት። ምን ሆነሽ ያሏት መስሏት «ካቴጼ» አለች፤ በእነሴቻባ ቋንቋ ደከመኝ ማለት ነው። ሰዎቹ ደግሞ የተራራው ስም መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ደጋው በሙሉ ካቴጼ ይለው ጀመር።

በዚያ አገር ልማድ፣ በድርቅ ጊዜ ከተራራው ምንጭ ከብቱን የሚያጠጣው ለተራራው ስም ያወጣው ሰው ነው። ልጆቹ ከብቱን ተካፍለው የየራሳቸው መንጋ ካበጁ በኋላ ድርቁ ተመልሶ መጣ። ምንጩ ቀጠነ፤ ከአንድ ሰው መንጋ በላይ የሚያጠጣ አልሆነም።

«መንገዱን ያየሁት እኔ ነኝ» አለ ጼሊሶ።

«እኔ ባላሻግር ምን ልታጠጡ ነበር?» አለ ሌቤኮ።

«ሰው የሚጠራው በእኔ ቃል ነው» አለች ማሜሎ።

«እሱንም ያወጣሽው ሳታውቂ ነው!» አሏት ወንድሞቿ።

በመጨረሻ ሊሞት ከተኛው አባታቸው ራስጌ ተሰበሰቡ። ሴቻባ ሦስቱንም ይወዳቸዋል፤ ጭቅጭቃቸው ግን አንገሽግሾታል።

«አባታችን፣ ተራራው ማን ይባል?» አሉት።

«ካቴጼ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ዳግመኛ አልተናገረም።

ማሜሎ ፈረደልኝ አለች። ወንድሞቿ ደክሞት ነው አሉ። እኔ እንጃ፤ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ምንጩ የሚገባው ለማን ነው?