አንዱን ዓሣ ዘጠኝ ያደረገው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ከተራራ ወርዶ ሐይቅ በሚገባ ወንዝ ዳር፣ የዓሣ አዋቂ ነኝ የሚል ጅብ ይኖር ነበር። ስለ ዓሣ የሚያውቀው ነገር ቢኖር በአፍ እንደሚገባ ብቻ ነው። ሆኖም ድምፁ ወፍራም ስለነበረ ብዙዎች አመኑት።

በዚያ ዓመት ብርማ የሚባለው ዓሣ ቁጥሩ ተመናመነ። ብርማ ሐይቁ ውስጥ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥል ዓሣ ነው። ንጉሡ አንበሳ አውሬዎቹን ሰበሰበና፣ «ሌላውን ዓሣ፣ አምባዛም ቆሮሶም ብሉ። ብርማን ግን እንቁላሉን ጥሎ እስኪጨርስ የነካ ወዮለት! ዓሣዎቹን ለይቶ የሚጠብቅልን ማን ነው?» አለ።

ኤሊ አንገቷን ብቅ አድርጋ «እኔ...» ስትል ጅቡ ዘሎ መሀል ገባ።

«ጌታዬ፣ እኔ እያለሁ! ብርማ ማለት ነጭ ነው። ነጭ ያልሆነ ብርማ አይደለም። አለቀ!»

አንበሳው አጭር ንግግር ይወድ ነበርና ሾመው።

ክረምቱ ገባ። ጅቡ ሆዱ እየጮኸ ወንዙ ዳር ተቀመጠ። ብርማዎቹ መምጣት ጀመሩ፤ ግን ሽቅብ በወጡ ቁጥር መልካቸው ይለወጥ ነበር። የአንዱ ጎን ቀልቷል፣ የሌላው ጀርባ ጎብጧል፣ የሌላው መንጋጋ እንደ ማጭድ ተቆልምሟል። ይህን ያየች ቀበሮ ምራቋን ዋጠችና ቀስ ብላ ተጠጋች።

«አያ ጅቦ፣ መቼም እርስዎ የማያውቁት የለም። ይቺ ቀይዋ ምንድን ናት?»

ጅቡ ጭንቅላቱን እያከከ አሰበ። ማሰብ ስላደከመው ግን ቶሎ ተወው።

«ቀይ ስለሆነች... ቀዮ ናት» አለ።

«ቀዮን መብላት ተከልክሏል?»

«ስሟ በአዋጁ የለም።»

«አቤት እውቀት!» አለች ቀበሮ። ቀዮን ዋጥ አደረገቻት፤ ለጅቡም ሁለት ወረወረችለት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀለለ። ቀበሮ ዓሣ ታወጣለች፣ ጅቡ ስም ያወጣል፣ ሁለቱም ይበላሉ። ጎባጣው «ጎብጤ» ተባለ፣ መንጋጋው የተቆለመመው «ማጭዴ»። ሴቷ ከወንዱ ደብዘዝ ስላለች ሌላ ዘር ሆነች። ጥላ ውስጥ የተያዘው ደግሞ ጠቆር ብሎ ስለታየ የራሱን ስም አገኘ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጅቡ ዘጠኝ ዓይነት ዓሣ ፈጠረ፤ ሆዱም ከበሮ አከለ።

ኤሊ አላስችል ቢላት መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ይሄ ሁሉ እኮ አንድ ዓሣ ነው! ለመራባት ሲወጣ መልኩ ይለወጣል እንጂ ዘሩ አይለወጥም። ቆዳውን ተወውና አፉን ከፍተህ እይ። የብርማ ድድ ሁልጊዜ ጥቁር ነው።»

ጅቡ ከከንፈሩ የተንጠለጠለውን ጅራት ስቦ ዋጠ።

«ዓሣው ነው እኔ አፍ የሚገባው ወይስ እኔ ነኝ ዓሣው አፍ የምገባው? ሂጂ ከዚህ፣ ቀርፋፋ!»

ቀበሮም ሳቀች። ጥቁሩን ድድ ግን እሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይታዋለች።

በሚቀጥለው ክረምት ወንዙ ጢም ብሎ ሞላ። ብርማ ግን አንድም አልወጣም። የተራበው ሁሉ በአምባዛና በቆሮሶ ላይ ተረባረበና እነሱም አለቁ። ሽመላ ጫጩቶቿ ሲሞቱባት አገር ለቃ ሄደች። የቀሩት አውሬዎች እያጉረመረሙ አንበሳውን ይዘው ወንዙ ዳር መጡ።

«ብርማዎቹ የት አሉ?» አለ አንበሳው።

ጅቡ ዞር ብሎ ቀበሮን ፈለገ። እሷ ራቅ ብላ ቆማ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ፤ አዋቂው ብዪ ሲለኝ በላሁ» አለች።

ጅቡ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ያን ሁሉ ስም ያወጣ አፍ ግን «አላውቅም» የምትለዋን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው።

«ጌታዬ፣ ዓሣውማ መጥቷል!» አለ። «የዘንድሮው አዲስ ዓይነት ነው። መልኩ ቁርጥ ውኃ ስለሆነ አይታይም።»

አህያ እንኳ ሳቀች። አንበሳው አልሳቀም።

«ብዙ ነው?»

«ወንዙ ሙሉ ነው፣ ጌታዬ!»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የምትበላው እሱን ብቻ ነው። ቀበሮም አብራህ ትብላ፤ በአንተ ቃል መብላት ለምዳለች።»

የወንዙ ጥበቃ ለኤሊ ተሰጠ። ኤሊ ሐይቁ ድረስ ወርዳ ስትፈልግ ድዳቸው የጠቆረ አራት ዓሣዎች ብቻ አገኘች፤ እነሱንም ከሸምበቆው ሥር ቀን ከሌት ትጠብቅ ጀመር።

ጅቡና ቀበሮ ወንዙ መሀል ቆመው ባዶ ውኃ ይነክሱ ነበር።

«እንዴት ነው ጣዕሙ?» አለች ቀበሮ፣ ጥርሷን እያንገጫገጨች።

«ትንሽ ቀጠን ይላል» አለ ጅቡ፣ አሁንም እንደ አዋቂ ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

ከዚህ የምንማረው ሳያውቅ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ሆዱ ለፈለገው ነገር ሁሉ ስም እያወጣ የአገሩን ገበታ ባዶ እንደሚያስቀር ነው።