ገመዱ ላልቷል

አንድ ሰው ነበረ። ተቀመጥ ምንይችል፣ ቆመህ አትስማኝ። «ጎረቤቴ የታመመ ይመስለኛል፤ ከስቷል፣ ደቦ መምጣትም ትቷል። ስጠይቀው ‹የቤት ሥራ በዛብኝ› ይለኛል። ወንድ ልጅ ራሱ ካልተናገረ ምን ይደረጋል?» ብለህ አይደል የጠየቅኸኝ? እንግዲያው ስማ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ፣ ትከሻው ሰፊ። አገሩ መኪና የማይገባበት ነውና ሰው ሲታመም ጡሩምባ ይነፋል። ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ይወጣና በሽተኛውን በቃሬዛ እየተቀያየረ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። የእድሩ ሕግ ነው። ይህ ሰው ታዲያ ሁልጊዜ የፊተኛውን ጫፍ ነው የሚይዘው። ቁልቁለቱ ላይ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነዋ! ምጥ የጠናባትን፣ ከዛፍ የወደቀውን፣ ወባ የጣለውን፣ ስንቱን አድርሷል። «አንተ እያለህ ማን ይሞታል» እንለው ነበር።

በኋላ እሱን ራሱን ሽንት ያስቸግረው ጀመር። መጀመሪያ አቃጠለው፣ ቆይቶ ደም ቀላቀለበት። ለማን ይናገር? የእጅ ስብራት ቢሆን ያሳያል። ይሄ ግን የወንድነት ቦታ ነው፤ ቢናገር ከሰው የሚያንስ መሰለው። ሚስቱን «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሎ አስማላት። ወገቡን በነጠላ ጠፍሮ ሰው መሸከሙን ቀጠለ። እኛም እናየው ነበር። ዳገቱ ላይ ጫፉን ለሌላ አቀብሎ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሲቆይ፣ ላብ አጥምቆት ሲመለስ አይተናል። ግን «የሰው ገበና ነው» ብለን ዝም አልን። አይ ጨዋነት!

አንድ እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ ብድግ አለ። በትሩን ተደገፈ። «ስለ ቃሬዛው... ሰሞኑን ለእኔ...» አለ። ከመሃል አንዱ ቀልደኛ «ምነው፣ ምጥ ያዘህ እንዴ?» አለው። ሳቅ ሆነ! የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ ዓይናቸውን እያበሱ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ «አይ፣ ገመዱ ላልቷል ልል ነው፤ ሰው ሳይወድቅ ይጥበቅ» ብሎ ተቀመጠ። መረቅነው። ከሰዓት በኋላ ብቻውን የቃሬዛውን ገመድ እየሳበ ሲያጠብቅ ዋለ። ያገዘው የለም።

በሦስተኛው ወር ሆዱ ተነፍቶ ወደቀ። ሚስቱ መሐላዋን አፍርሳ እሪ አለች፤ ጡሩምባ ተነፋ። ያን ቀን የቀረ ወንድ የለም፤ የፊተኛውን ጫፍ ለመያዝ ተጋፋን። ገመዱማ ፍንክች አላለም፣ አሳምሮ አጥብቆታል። ሐኪሟ አየችውና «ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጡት?» አለችን። እሱም እዚያው አረፈ። በዚያው ቃሬዛ ሬሳውን ይዘን ተመለስን። ለቅሶው ላይማ ማን ይቀራል? ድንኳኑ አልበቃንም። ሰባት ቀን ሙሉ ሚስቱን ከበን ተቀመጥን። እሱ በሕይወት ሳለ ግማሽ ቀን ያጣንለት ሰዎች፣ ለሬሳው ሳምንት አገኘን።

አሁን አንተ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለህ ትተርትብኝ ይሆናል። ደባቂውንስ አውቀነዋል፤ አስደባቂውስ? ያ ሰው አልተናገረም እንዳትለኝ ምንይችል። ቆሞ ቃሬዛውን ጠርቷል፤ አፉን በሳቅ የዘጋነው እኛ ነን። «ምጥ ያዘህ እንዴ?» ያልኩትም እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሆነው፣ አንድም ቀን ከሆዴ አልወጣም።

ያንተም ጎረቤት ነግሮሃል። «የቤት ሥራ በዛብኝ» ያለህ እኮ «ገመዱ ላልቷል» ማለቱ ነው። ዛሬውኑ ቤቱ ግባና «ምንህን ነው የሚያምህ?» በለው። ቢቆጣ ይቆጣ፤ ነገም ተመልሰህ ጠይቀው፣ ከዚያም ሐኪም ቤት አብረኸው ሂድ። አፍረህ ከተውከው ግን አይዞህ፣ መሸከሙ አይቀርልህም።