ሻጋታ የዘራችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። በፎገራ ሜዳ፣ ባሏ ትቶላት የሞተ የቲማቲም ማሳ ያላት። እታፈራሁ ይሏታል።

ሁለት ዓመት ተከለች፤ ሁለት ዓመት ደረቀባት። ቲማቲሙ አብቦ፣ ፍሬ ቋጥሮ፣ ተስፋ ሰጥቷት ካበቃ በኋላ በቀትር ይጠወልጋል። ሲመሽ ቀና ይላል፣ ሊያታልላት። በሳምንቱ ክርር ብሎ ይደርቃል። ግንዱን ስትሰነጥቀው ውስጡ ቡናማ ነው። በሽታው ከአፈሩ በሥር ገብቶ የውሃውን መንገድ ዘግቶታል።

የባሏ ወንድም አያ ፈንቴ በሽማግሌዎች ፊት ቁርጡን ነገራት። "ዘንድሮም ከደረቀብሽ መሬቱን እኔ ሩዝ እዘራበታለሁ። አንቺ ከቤትሽ ተቀመጪ።"

"እሺ" አለች። ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

ከዚያስ? ከግብርና ባለሙያው ዘንድ አረንጓዴ ዱቄት ይዛ መጣች። ምን ነበር ዱቄቱ? ሻጋታ። አዎ፣ ሻጋታ። ነገር ግን ለሥር ዘብ የሚቆም፣ ክፉውን ፈንገስ የሚበላ ደግ ሻጋታ። ከበሰበሰ ፍግ ጋር ለወሰችው፤ መጀመሪያ በችግኝ መደቡ፣ ኋላም ስትተክል በየጉድጓዱ ጨመረችው።

መንደሩ ሳቀ። "ሰው ሻጋታ ይደፋል፣ እሷ ትዘራለች" አሉ። አያ ፈንቴም፣ የእሱም ቲማቲም ሲታመም የከረመ ነውና፣ "እስቲ ለእኔም ቆንጥሪልኝ፤ አብረን እንሻግት" አላት።

ቆንጥራ አልሰጠችውም። በጣሳ ሞልታ ሰጠችው። "ሌላ ምንም አትጨምርበት" አለችው።

አበባው በወጣ ሰሞን ሁለት እግር ቲማቲም ጠወለገባት። አያ ፈንቴ መርጫውን አዝሎ ደረሰ። "የፈንገስ መድኃኒት ልርጭልሽ፣ እንዲያው ለማስተማመኛ።"

"አያ ፈንቴ፣ ሠራተኛ ቀጥረህ ምሳው ላይ መርዝ ታደርጋለህ?"

"አንቺን እንኳ ምላስሽ ያኖርሻል። ቲማቲሙን ግን እንጃ።"

ሁለቱን ነቅላ፣ ርቃ ወስዳ አቃጠለቻቸው። ከዚያ እጇን ሰበሰበች። እጅ መሰብሰብ ቀላል ይመስላችኋል? መሬቷ ከእጇ ሊወጣ ደርሶ፣ መድኃኒቱ ደጇ ቆሞ፣ ከአፈር በታች የሚሠራውን በዓይኗ ሳታይ? ማረስማ ሁሉም ያርሳል። እንዲህ ያለውን መጠበቅ ግን ጀግና ይጠይቃል።

ለቀማ ደረሰ። የእሷ ማሳ በፍሬ ጎብጦ ቆመ። የአያ ፈንቴ ደረቀ።

ባዶ ጣሳውን ይዞ መጥቶ ከቦዩ ዳር ተቀመጠ። "ያው ያንቺኑ ዱቄት ነበር" አላት።

"ምን ጨመርክበት?"

ጎንበስ ብሎ የቦዩን ውሃ በጣቱ ማማሰል ጀመረ።

"ምን ጨመርክበት፣ አያ ፈንቴ?"

"የፈንገስ መድኃኒቱን ነዋ። ሥር ሥሩን አጠጣሁት። ለማስተማመኛ ብዬ።"

ዘቡን በገዛ እጁ ገደለው። ሌባው ተመልሶ ሲመጣ ማን ይመልሰው?

እሷ አልሳቀችበትም። ጣሳውን ተቀብላ እንደገና ሞላችለት። "ይኸው ለከርሞ። መርጫህን ግን እኔ ቤት አስቀምጥ።" የሩዙን ነገር ከዚያ ወዲህ አላነሳም።

ወገኖቼ፣ በአያ ፈንቴ አትሳቁ። በሽማግሌ ታረቃችሁ፣ ጉልበት ተሳሳማችሁ፤ የክሱን ወረቀት ግን ከሣጥን ሥር አኖራችሁት። ለማስተማመኛ። ባልሽን ይቅር አልሽው፤ ገላውን ሲታጠብ ግን ስልኩን ትበረብሪያለሽ። ለማስተማመኛ። ልጃችሁን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጣችሁ፤ አንገቱ ላይ ደግሞ የጠንቋይ ክታብ አሰራችሁ። ለማስተማመኛ። ከዚያ መጥታችሁ "ጸለይን፣ አልሠራልንም" ትላላችሁ።

አልሠራም? ምን ጨመራችሁበት?

አያ ፈንቴ በማግስቱ መርጫውን አዝሎ፣ ያ ሁሉ የሳቀ መንደር እያየው፣ በመካከሉ አልፎ ሄደ። ከእታፈራሁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት፣ ጀርባው ባዶ ሆኖ ተመለሰ። አፍሮም ቢሆን አወረደው።

የእናንተ ገና ጀርባችሁ ላይ ነው። አውርዱት።