የዘሐራ ቁንጣሪ

በሐረግ በር ገበያ ቅመም ተራ የሚባለው ረድፍ እንግዳ ሰው መጀመሪያ የሚናደድበት ቦታ ነው። በሌላው ገበያ ሻጭ ደንበኛውን ጥላ ሥር አስቀምጦ ራሱን ፀሐይ ይመታዋል፤ በሐረግ በር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሻጮቹ ከዳሱ ሥር ተደላድለው ይቀመጡና ገዢውን ፊት ለፊታቸው ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙረው ያስቀምጡታል። ጃንጥላ ይዞ የመጣ ካለ እንኳ በትሕትና «እሱን እጠፉልን» ይባላል። ከዚያ ምን እንደሚፈልግ ሳይናገር፣ አንዲት ቁንጣሪ የተወቀጠ ኮረሪማ መዳፉ ላይ ትደረግለታለች። ይቺ አትሸጥም፤ ስሟም የዘሐራ ቁንጣሪ ነው። ጥምዙ፣ ጥቁር አዝሙዱና ኮሰረቱ የሚቀመሱት ከእሷ በኋላ ነው፤ በቀረፋና በቅርንፉድ የፈላው፣ ጦስኝ ጣል የተደረገበት ሻይም በየስኒው የሚቀርበው ከእሷ በኋላ ነው። ሻጯ ዕቃዋን አታሞግስም። «ምን ምን ይላል?» ብላ ትጠይቅና መልሱን ትጠብቃለች።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ የተራው ሽማግሎች ደብሪቱ የምትባል ሴት ያነሳሉ። ዘመኑን አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ አባት ይቆጥረዋል፤ በእሱ ላይ ተስማምተው አያውቁም።

እንደሚነገረው ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልነበራት፣ ከአፍንጫዋ በቀር ሌላ ሀብት ያልነበራት ሴት ነበረች። አፍንጫዋ ግን አፍንጫ ነበር። ከባሕሩ በኩልም ሆነ ከቆላው ጫካ የመጣ ቅመም ሁሉ በእሷ ፊት ሳይፈታ አይሸጥም። ጎንበስ ብላ አንዴ ታሸትና «ይሄ የዘንድሮ ነው»፣ «ይሄን ውሃ ነክቶታል»፣ «ይሄ ከቆዳ ጋር ተጭኖ የመጣ ነው» ትላለች፤ ያለችውም ውልፍት አይልም። ሰዉ የተራው አፍንጫ ይላት ነበር። እሷም ስሙን አልጠላችውም፤ እንዲያውም አንዳንድ ቀን ነጋዴውን ሆን ብላ ታስጠብቀውና፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ነው የምታጎነብሰው ይባላል።

አንድ ክረምት በአገሩ ትልቅ ጉንፋን ገባ። ደብሪቱም ሁለት ሳምንት ተኝታ ተነሣች፤ ከስታ ነበር፣ ሌላ የጎደላት ነገር ግን ያለ አልመሰላትም። ምግቡ ሁሉ ገለባ ገለባ ሲላት ከሕመም የተነሣ ሰው እንዲህ ነው ብላ አለፈችው።

በወጣች በመጀመሪያው የገበያ ቀን ዘሐራ የምትባል ወጣት ሴት ከቆላው ጫካ ኮረሪማ ይዛ መጣች። በተራው ታይታ አታውቅም። ኮረሪማውን በገመድ በገመድ ሰክታ፣ በቅርጫት ሙሉ አምጥታ ከደብሪቱ እግር ሥር አስቀመጠችው። ደብሪቱ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ ምንም የለም። አንዱን ፍሬ ሰብራ በጣቷ አሸችና እንደገና አሸተተች። አሁንም ምንም የለም።

«የከረመ ነው፤» አለች ቀና ብላ። «ሽታው አልቋል።»

«ኧረ እትዬ፣ የዘንድሮ ነው! በገዛ እጄ ለቅሜ፣ በገዛ እጄ ነው ያደረቅኩት።»

«እጅሽን አላሽተትኩም፤ ያሸተትኩት ኮረሪማውን ነው።»

በዙሪያው የነበረው ሁሉ ሳቀ። ዘሐራ አንድ ፍሬ አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ሰዉን አየች፤ እንደገና አሸተተች። ሁለተኛው ሽታ ከፊተኛው ያነሰ የመሰላት ይመስል ፊቷ ጨለመ። የተራው አፍንጫ የጣለችውን ማን ይገዛል? ማንም ወደ ቅርጫቱ አልተጠጋም፣ አሽትቶ ልይ ያለም አልነበረም። ዘሐራ ወደ አገሯ ስትመለስ ከገበያው በታች ካለው ወንዝ መሻገሪያ ላይ ቆመችና ኮረሪማውን በሙሉ ውሃው ውስጥ ገለበጠችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሐረግ በር ሰው እየሳቀም እያዘነም ያወራዋል። ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ፍሬውን ይዞ ቀረና ሦስት ቀን ሙሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ሲል ሰነበተ። ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ሁሉ እንስራዋን እያሸተተች ወጣች። ታዲያ አንዲቷም እንኳ «ደብሪቱ ተሳስታለች» አላለችም። «የከረመው እንዲህ ከሸተተ፣ የዘንድሮው ቢሆን ምን ሊሆን ነው!» እያሉ ነበር የሚደነቁት። ሰው አንዴ ካመነ እንዲህ ነው፤ አፍንጫው ሥር ያለውን ትቶ የሰማውን ይይዛል።

ከሴቶቹ አንዷ እንስራዋን እንዳዘለች በደብሪቱ ደጅ አለፈችና «እትዬ፣ እስቲ ይቺን አሽትቺልኝ፤ ውሃ አይመስልም እኮ!» ብላ የእንስራዋን አፍ አዘነበለችላት። ደብሪቱ ጎንበስ አለች። ቀዝቃዛ ነፋስ ብቻ ፊቷን ነካት። ያን ጊዜ ክው አለች። ሴትየዋ እንደሄደች ወደ ቤቷ ገባችና ነጭ ሽንኩርት ቀጠቀጠች፣ ጤና አዳም አሸች፣ በመጨረሻም ግድግዳው ላይ ወደተወጠረው ጥሬ የበግ ቆዳ ሄዳ አፍንጫዋን ተከለችበት። ሁሉም አንድ ነው፤ ሁሉም ምንም ነው። ኮረሪማው ደህና ነበር፤ የሞተው የእሷ አፍንጫ ነው።

ዘሐራን ለማስጠራት አሰበች፤ አገሯን የሚያውቅ አልነበረም። ለተራው ለመናገርም አሰበች፤ በማግስቱም ልትናገር ሄዳ ነበር። ነገር ግን ከረድፉ ጫፍ ስትደርስ ሰዉ ተነሥቶ ቦታ ሲለቅላት፣ ይህ አፍንጫ ባይኖር ማን እንደሆነች ራሷን ጠየቀች። ፈራች፤ አፈረችም። ነገሩን በሆዷ ይዛ ተቀመጠች።

ከሁለት ገበያ በኋላ አንዲት ደንበኛ ከደብሪቱ ዳስ የወጥ ቅመም አስቀላቅላ ስትቀምስ፣ ከዳሱ ቀዳዳ ፀሐይ ገብቶ ፊቷ ላይ አረፈ። ደብሪቱም የሴትየዋን ፊት አየች፦ ቅንድቧ ሲሰበሰብ፣ ከዚያ ሲላላ፣ ከዚያ የአፏ ጠርዝ ትንሽ ሲዘቀዘቅ። «ድንብላል አነሰው፤» አለች ደብሪቱ በግምት። «ሳታሸቺው በምን አወቅሽ?» አለች ሴትየዋ። በማግስቱ ደብሪቱ ደንበኛ የሚቀመጥበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከጥላው አስወጥታ ፀሐይ ላይ አስተከለችው። ለምን ሲሏት፣ ቅመም በጥላ አይቀመስም አለች። ይህን ያመኑ ሰዎች ልጆቻቸውን እስከ ዛሬ እንዲሁ ይመክራሉ።

ድሮ ለሰው የሚጣፍጠውን የምትነግረው እሷ ነበረች፤ አሁን ግን ከሰው ፊት መጠየቅ ነበረባት። ቅርንፉድ ሁሉን ሰው ትንፋሽ እንደሚያስስብ፣ አብሽ አንዱን ፈገግ እያሰኘ ሌላውን አገጩን እንደሚያስጨብጠው አየች። አንድ ቅመም ለሁለት ሰው አንድ ሆኖ እንደማያውቅ የተረዳችው አፍንጫዋን ካጣች በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ እንደ ፊቱ ትቀምም ጀመር፤ ነጋዴ አዲስ ጭነት ሲፈታም ሌላ ሰው አስቀምሳ ከፊቱ ትፈርድ ነበር፤ ስሟም ከበፊቱ ይልቅ ገነነ። ኮረሪማ ግን አልሸጠችም። ሲጠይቋት «አልቋል» ትላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አለቀ።

በሦስተኛው ዓመት ይማም የሚባለው ነጋዴ ከሩቅ መንገድ ተመለሰ። ይማም ደብሪቱን በአፍንጫዋ ዘመን የሚያውቃት፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነበር። ጥቁር፣ የተጨማደደ ቅጠል የሞላበት ሳጥን ከፍቶ በማንቆርቆሪያ ውሃ አፈላና ቅጠሉን ጨመረበት። ተራው በሙሉ ሥራውን ትቶ ተሰበሰበ።

«እታለም፣ ይሄ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ሻይ ይሉታል። ደጉንም ክፉውንም እኔ አልናገርም፣ አንቺ ፍረጂ። ብቻ ሰዉን ሁሉ ፀሐይ ታስመቺያለሽ ሲሉ ሰማሁ፤ ዛሬ ተራው ያንቺ ነው» አላትና በሳቅ መካከል እጇን ይዞ ድንጋዩ ላይ አስቀመጣት።

ደብሪቱ በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አታውቅም ነበር። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት፤ ሰዉ ሁሉ ቅንድቧን ይመለከታል። ከስኒው ፉት አለች። ትኩስ ነው፤ ምላሷን ያዝ ያደርጋል፤ ሌላ አላገኘችበትም። «ሰውነት ያሞቃል፤» አለች፤ ይህ እንኳ እውነት ነበር። ሰዉ በደስታ አጉረመረመና ስኒዎቹ መዞር ጀመሩ። ላብ ቢያጠምቃትም አመለጥኩ ብላ ተነፈሰች።

«ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም፤» አለ ይማም። «ነይ ዘሐራ!»

ስሙን ስትሰማ ደብሪቱ ስኒውን መሬት አስቀመጠች።

«ይቺን ሴት ያገኘኋት ከወንዝ ማዶ ገበያ ነው። እንዲህ ያለ ኮረሪማ ይዛ፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ‹ይሸታል? እውነት ይሸታል?› እያለች ትጠይቃለች። ይሸታል ብላትም አታምነኝም። ካንቺ አፍ ትስማው ብዬ በግድ ነው ያመጣኋት።»

ዘሐራ ቅርጫቷን አቅፋ ከዳሱ ሥር ቆማ ነበር። ደብሪቱ ፀሐዩ ዓይኗ ውስጥ ስለገባ አጥርታ ልታያት አልቻለችም። «ወደ ብርሃኑ ቅረቢ፣ እስቲ» አለቻት። ዘሐራ ቀረበች። በሦስት ዓመት ውስጥ ደብሪቱ ስንቱን ፊት አንብባለች፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም። ኮረሪማዋ እንዳይጣልባት የምትፈራ ሴት ፊት አልነበረም። የገዛ አፍንጫዋ ውሸታም ይሁን አይሁን ፍርድ የምትጠብቅ ሴት ፊት ነበር።

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «ግሩም ነው» ብትል ኮረሪማው ይሸጣል፣ ዘሐራ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ የደብሪቱም ስም እንዳለ ይቀራል። ነገር ግን ይህ ግሩም ከሆነ፣ የያን ጊዜው መጥፎ ነበር ማለት ነው፤ ዘሐራም ዕድሜዋን ሙሉ የያን ቀኑን እንዳመነች ትኖራለች። ደብሪቱ ይህን አሰበች ይላሉ።

«ዘሐራ፣» አለች፣ «የዛሬው ይሽተት አይሽተት እኔ አላውቅም።»

ስኒዎቹ መዞራቸውን አቆሙ።

«ያን ጊዜም አላውቅም ነበር። ከጉንፋኑ ወዲህ አፍንጫዬ ምንም አይለይም። ያንቺ ኮረሪማ ደህና ነበር። ወንዙ ሦስት ቀን ሙሉ ሲመሰክርልሽ ሰምቼ፣ እኔ ዝም አልኩ።»

ይማም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዘሐራ መጀመሪያ ያልገባት መሰለች፤ ከዚያ ቅርጫቱን ለቀቀችው።

«ሦስት ዓመት!» አለች። «ሦስት ዓመት እኮ ነው፣ እትዬ! የልጄን ራስ ሳሸት እንኳ፣ እውነት ይሆን ይሄ ሽታ እያልኩ እጠራጠር ነበር!»

 ዘሐራ ቆማ አለቀሰች፤ ማንም አላባበላትም፤ እንዴት ብሎ እንደሚጀምር የሚያውቅ አልነበረም። ኋላ ላይ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ጎንበስ ብላ አንድ ፍሬ አነሣች፤ ሰብራ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ደቆሰችውና ከደብሪቱ መዳፍ ላይ ቁንጣሪ አደረገችላት።

«ቅመሺ።»

«አይለየኝም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

«ሰምቻለሁ። አንቺ ቅመሺ፤ እኔ እነግርሻለሁ።»

ደብሪቱ ቀመሰች። ዘሐራም የቀረውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «መጀመሪያ ዝናብ የመታው ቅጠል ይላል፤» አለች ቀስ ብላ። «ቀጥሎ የሎሚ ልጣጭ ይላል። መጨረሻው ላይ ትንሽ ጢስ አለው፤ ምድጃ አጠገብ ስለማደርቀው ነው።» ስትጀምር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጢሱ ላይ ስትደርስ ግን ጸንቶ ነበር። ማንንም «ይሸታል?» ብላ አልጠየቀችም። ደብሪቱ ፊቷን ትመለከት ነበር፤ ያ የተጨነቀ ግንባር ሲፈታ አይታ፣ ፀሐዩ ላይ እንደተቀመጠች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ዘሐራ ያን ቀን ይቅር አለቻት የሚሉ ታሪክ ሲያምር የሚወዱ ናቸው። እውነቱ፣ በሚቀጥለው ገበያ መጥታ ከደብሪቱ ጎን ተቀመጠችና እስከ መስቀል ድረስ ከሥራ በቀር ቃል አልተነጋገሩም ይባላል። የተራው ሰዎችም ደብሪቱን ተቆጥተዋት ነበር፤ «አታለለችን» ያሉ ነበሩ፤ አልዋሹምም። በመጨረሻ ሽማግሎቹ ዘሐራን «ምን ይደረግልሽ?» ብለው ጠየቋት። እሷም፣ ከእንግዲህ በዚህ ተራ ለሌላው የሚያሸት ሰው አይኑር፤ የመጣው ሁሉ ራሱ ይቅመስ፣ ራሱም ይናገር አለች። ድንጋዮቹ በሙሉ ወደ ፀሐይ የዞሩት ከዚያ ወዲያ ነው። የሁለቱ ሴቶች ዳስም ከሁሉ የሚበልጥ ሆነ፤ አንዷ የራሷን ዕቃ ታሸታለች፣ አንዷ የገዢውን ፊት ታያለች። የደብሪቱ አፍንጫ ተመልሶ እንደሆነ ግን አይታወቅም። አንድ ቀን መሻገሪያው ላይ ድንገት ቆማ ወደ ውሃው ጎንበስ ስትል ያዩዋት አሉ፤ ቀና ስትል ምን እንዳለች የሰማ የለም።

ዛሬ እንግዳ ወደ ሐረግ በር ቅመም ተራ ሲመጣ፣ ፀሐዩን እያማረረ ይቀመጣል፤ ቁንጣሪዋን ይቀምሳል፤ «ምን ምን ይላል?» ሲባል ግራ ይገባዋል። «እናንተ አታውቁትም እንዴ?» የሚልም አይጠፋም። ሻጯ ጧት ራሷ የወቀጠችውን፣ ጣቷ ላይ ሽታው ያለውን ኮረሪማ ከፊቷ አድርጋ፣ ምንም እንደማይሸታት ሰው ሆና ትጠብቀዋለች።

«አላውቀውም፤» ትላለች፣ «እርስዎ ይንገሩኝ።»