ከገደሉ የቀረው ወፍጮ

የጋሻ ሜዳ ሰው ከተማው እንዴት እንደተቆረቆረ ሲጠየቅ ረጅም ወሬ አያወራም፤ አንዲት አጭር ተረት ጣል አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ያልፋል። እንግዳው ግር ይለዋል። ለተረቷ መነሻ የሆነችው ይመናሹ የምትባል ሴት ናት።

ያኔ ሜዳው ባዶ ግጦሽ ነበር። ወፍጮው ከገደሉ ሥር፣ ወንዙ ዳር ነው፤ ድንጋዩን የሚያዞረው ውሃው ነዋ። ሴቶች እህል ተሸክመው ይወርዳሉ፣ ዱቄት ተሸክመው ይወጣሉ፤ ቀኑ በዚሁ ያልቃል። የይመናሹ ታናሽ እህት ታለም ዓምና ከነሸክሟ ወድቃ ወገቧን ተጎድታ ቤት ቀርታለች። ስለዚህ አገሩ ተባብሮ የሞተር ወፍጮ ሲያስመጣ እንደ ይመናሹ የተደሰተ አልነበረም።

ሞተሩ ሜዳው ላይ ከመኪና በወረደ ቀን ግን ወንዶቹ አጣናና ጠፍር ይዘው ለደቦ ወጡ። ተሸክመው ወንዝ ሊያወርዱት! ወፍጮ ከወንዝ ዳር ሌላ የት ይተከላል? የውሃውን ወፍጮ ሠላሳ ዓመት ያስፈጩት አቶ ቢሻው ቦታውን ሳይቀር ደልድለው ጨርሰዋል። ልማድ እንዲህ ዓይን ይጋርዳል።

ይመናሹ ሞተሩ አንዴ ከወረደ መልሶ የሚያወጣው እንደሌለ ታውቃለች። አብሮ የመጣውን መካኒክ ሞተሩ ምን እንደሚጠጣ ጠየቀችው፤ ናፍጣ አላት። ከወንዙስ ምን ይፈልጋል ብትለው፣ ለማቀዝቀዣ በቀን አንድ ባሊ ውሃ ይበቃዋል አለ።

ነጠላዋን አደግድጋ አቶ ቢሻው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ለአንድ ባሊ ውሃ አገር ሁሉ ገደል ይወርዳል? እዚሁ ትከሉት። ውሃውን በሕይወት እስካለሁ እኔ አመጣለሁ።»

ወንዶቹ ሳቁ። አቶ ቢሻው አልሳቁም።

«እሺ፣ ይሞከር። እምቢ ካለ ግን ከእንግዲህ በሰው መሀል አፍሽን አትከፍቺም።»

ተስማማች። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሣ ከብቱ ሁሉ በረገገ። አቶ ቢሻው ዱቄቱን በጣታቸው አሽተው፣ ትኩስ ነው፣ ተቃጥሏል አሉ። ይመናሹ እስኪበርድ ጠብቃ እንደገና መዳፋቸው ላይ አደረገችላቸው። ቀመሱትና፣ ይሁን፣ እዚሁ ይቅር አሉ። አጣናው ወደየቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ ወረፋ ጠባቂው ሻይ አማረውና ሻይ ቤት ተከፈተ። የኑግ ዘይት መጭመቂያ መጣ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ተከተለ፤ ሠራተኛው ልጆቹን ይዞ ሲሰፍር ትምህርት ቤት ተሠራ። ተበታትኖ የነበረው መንደር ጎጆውን እየነቀለ ተጠጋ። ይመናሹ ቃሏን ሳታጥፍ በየማለዳው ባሊዋን ይዛ ትመጣለች። ታለምም ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ እህል መዛኝ ሆነች፤ በሥራዋም ኩራቷ ሌላ ነው።

አምስት ዓመት ሳይሞላ አቶ ቢሻውም ከወንዙ ወጡ። አዲሱ ቤታቸው በተመረቀ ዕለት መጋዝ የሚጮህበትን ሜዳ ቆመው አዩና ይመናሹን ወደ ጎናቸው ጠርተው ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ።

«ይቺ ሴት ረታችኝ፤ በመረታቴም ኮራሁ። እንግዲህ ልጆቻችሁ እንዲህ ብለው ይተርቱ፦ ወፍጮ ከወንዝ ወጣ፣ ከተማ ይዞ መጣ።»