በዓይኗ የምትማረው

ዶክተር ልሳነወርቅ የሚባሉ የኮሌጅ መምህር ስለ ዘመናዊ ማስተማር ሥልጠና ወስደው፣ ሰርተፊኬታቸውን ይዘው ተመለሱ። በማግስቱ የኮሌጁን ዲን ጋብዘው ከኋላ ወንበር አስቀመጡና ‹‹ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ በሚገባው መንገድ ይማራል!›› ብለው አወጁ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ፕሮጀክተሩ የሚያሳየውን ጽሑፍ ቃል በቃል ያነቡ ጀመር። ሰዓቱ ነጎደ፤ እሳቸው ዞርም አላሉ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ምላሰኛ ተማሪ አፏን ከፍታ አዛጋች። ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

‹‹ማናት ያቺ?›› አሉ ዶክተሩ፣ አሁንም ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ። ‹‹ተነሽ! አንዱ በጆሮው፣ አንዱ በዓይኑ፣ አንዱ በእጁ እየሠራ ይማራል ብያለሁ። አንቺ የትኛዋ ነሽ?››

‹‹በዓይኔ ነው የምማረው፣ ዶክተር።››

‹‹ጎሽ! እንግዲያው ዛሬ በዓይንሽ የተማርሽውን ለዲናችን ንገሪያቸው። ካቃተሽ ከኮርሴ ተሰናብተሻል!››

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ‹‹የኮትዎ ስፌት ከጀርባው ተተርትሯል። በቀዳዳው የሚታየው ሸሚዝዎ ደግሞ ተገልብጦ ነው የተለበሰው።››

ዲኑ ሳቃቸውን በመሀረብ አፈኑት። ዶክተሩ ክው አሉ። እመር ብለው ዞሩና ጀርባቸውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማሪዎቻቸው ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

‹‹ይኸው ዶክተር›› አለች ልጅቷ እየተቀመጠች፣ ‹‹ትምህርቱ ገና አሁን ተጀመረ።››